የዴካኑ አምባና የሐበሻው ከተማ

ከአውራንጋባድ ወደ ኤሎራ ዋሻዎች የሚወስደው መንገድ ከተማውን እንደለቀቀ የጥጥና የማሽላ ማሳዎችን እያቋረጠ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀናል። 15 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ ከሜዳው መካከል ብቻውን የተነሣ ሾጣጣ ተራራ ከፊት ይደቀናል። ከፍታው ከሜዳው 200 ሜትር ገደማ ነው። አናቱን ሣርና ቁጥቋጦ ሸፍኖታል፤ ወገቡ ግን ራቁቱን ነው። የተራራው የታችኛው ክፍል ዙሪያውን በመሮና በመዶሻ ተጠርቦ ወደ 50 ሜትር የሚጠጋ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሆኗል። መሰላል የሚደገፍበት እርከን፣ እጅና እግር የሚገባበት ስንጥቅ አልተረፈለትም።

ይህ በምዕራብ ሕንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት የሚገኘው የዳውላታባድ አምባ ነው። አብዛኛው ጎብኚ ወደ ኤሎራ ሲያልፍ አንድ ሰዓት ሰጥቶት፣ ፎቶግራፍ አንስቶ ይሄዳል። ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ግን እዚህ ቀኑን ሙሉ የሚያቆየው ጉዳይ አለው። ከአምባው ማዶ የተዘረጋችውንና ዛሬ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባትን ከተማ የቆረቆራት በልጅነቱ ከኢትዮጵያ በባርነት ተሽጦ የወጣ ሰው ነው። ማሊክ አምባር ይባላል። ከተማዋ በርሱ ዘመን ካድኪ ነበረች፤ በኋላ አውራንጋባድ ሆነች፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር የሚል ይፋዊ ስም ይዛለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አምባውንና ከተማዋን በአንድ ቀን ያየ ሰው ሁለት የተለያዩ የመከላከያ ጥበቦችን ጎን ለጎን ያያል። አንደኛው በአለት የታመነ ነው፤ ሁለተኛው በፈረስና በውኃ።

አምባውን ለመውጣት ጠዋት ይሻላል። በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋልና፣ ረፋዱ ላይ ደረጃውን የሚጀምር ሰው አናቱ ሳይደርስ ይዝላል። ዝናቡ ካበቃ በኋላ ያሉት ወራት ግን ደስ ይላሉ። በዚያ ወቅት ከበሩ ፊት ለፊት ሴቶች ጊሽጣ በቅርጫት ደርድረው ይሸጣሉ፤ አካባቢው በጊሽጣውና በዘይቱኑ የታወቀ ነው። ተማሪ ጭነው የመጡ አውቶቡሶች ይቆማሉ። ጥቁር ፊትና ረጅም ጭራ ያላቸው ጦጣዎች በግንቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የማንን ምሳ እንደሚነጥቁ ያማርጣሉ።

የመጀመሪያው በር ገና ከመግቢያው የግንበኞቹን ሐሳብ ያስረዳል። ከከባድ እንጨት የተሠሩት መዝጊያዎች ላይ የሾሉ ብረቶች ተተክለውባቸዋል፤ በዘመኑ በር የሚሰበረው ዝሆን በግንባሩ እንዲገፋው በማድረግ ስለነበር ነው። በሩን ያለፈ ሰው ወደሚቀጥለው በር ቀጥ ብሎ አይሄድም። መንገዱ ይታጠፋል፣ እንደገና ይታጠፋል፤ በሮቹ አንዱ ከሌላው ትይዩ አይደሉም። ዝሆን ተንደርድሮ የሚመጣበት ርቀት አያገኝም። በመታጠፊያው ላይ የቆመ ወራሪ ደግሞ ከላይ፣ ከግንቡ ራስ፣ ከሦስት ወገን ቀስት ይወርድበታል። እንዲህ ያሉ ሦስት የግንብ ቀለበቶች አሉ። ውጪኛው አምባርኮት ሰፊውን የሕዝቡን ሰፈር ይከባል፤ መካከለኛው ማሃኮት፣ ውስጠኛው ካላኮት ይባላል። የነገሥታቱ መኖሪያ ካላኮት ውስጥ ነበር።

ቦታውን ዋና ከተማቸው ያደረጉት የያዳቫ ነገሥታት ናቸው። በ1187 ገደማ ቢላማ 5ኛ እዚህ ሲቀመጥ ስሙ ዴቫጊሪ ነበር። ያዳቫዎች አንድ መቶ ዓመት ያህል ገዙበት። የጥጥ፣ የሐርና የጌጣጌጥ ንግድ ወደ ምዕራቡ የባሕር ዳርቻ የሚወርደው በዚህ አቅጣጫ ነበርና ሀብታቸው በሰሜን ሕንድ ዘንድ ሳይቀር ተወራ። ወሬው ጦር ጠራባቸው።

ከሁሉም ይልቅ የዳውላታባድን ስም ያናኘው ግን የዴልሂው ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ነው። በ1327 ዋና ከተማውን ከዴልሂ ወደዚህ አዛወረ። ግዛቱ ወደ ደቡብ እየሰፋ ስለነበር መሐል ላይ ያለ መቀመጫ ፈለገ። ከዴልሂ እስከዚህ፣ ዴካን እስከሚባለው አገር፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሱልጣኑ በመንገዱ ዳር ዛፍ አስተከለ፣ ማረፊያ ቤቶች አሠራ፤ ሹማምንቱን፣ ሊቃውንቱን፣ የሃይማኖት አባቶቹንና ቤተሰቦቻቸውን በትእዛዝ አስነሣ። ብዙ ሰው መንገድ ላይ አለቀ። የቆዩ ጸሐፊዎች ዴልሂ ውሻና ድመት እንኳ ሳይቀርባት ባዶ ሆነች እስከ ማለት ደርሰዋል። የዛሬ ተመራማሪዎች ይህን ማጋነን ይሉታል፤ የተነሡት በዋናነት የመኳንንቱና የሊቃውንቱ ቤቶች ነበሩ። የሆነ ሆኖ ዋና ከተማነቱ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላም። በሰሜን የሚያሰጋ ነገር ነበር፤ እዚህ ደግሞ ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያጠጣ ውኃ አልተገኘም። ሱልጣኑ ሰዎቹን ወደ ዴልሂ እንዲመለሱ ፈቀደ።

ከዚያ ስደት የተረፈ ነገር ዛሬም ይታያል። ከአምባው ወደ ኩልዳባድ በሚወስደው መንገድ ላይ ካግዚፑራ የምትባል መንደር አለች፤ ከሰሜን ከመጡት ጋር የወረደው የወረቀት ሥራ እስከ ቅርብ ዘመን በእጅ ሲሠራባት ኖሯል። የአውራንጋባድ ምግብ ቤቶች የሚኮሩበት ናን ቃሊያም፣ በእርድ የቀላ የሥጋ ወጥ ከሰፊ ዳቦ ጋር ማለት ነው፣ የቱግሉቅ ሠራዊት ቀለብ ነበር ይባላል።

በግቢው ውስጥ በስተግራ ሰፊ ቅጥር አለ። በ1318 መስጊድ ሆኖ ተሠራ፤ ከመቶ የሚበልጡት ምሰሶዎቹ ከፈረሱ ቤተ መቅደሶች የመጡ ናቸው። ከ1948 በኋላ ደግሞ የባራት ማታ፣ የእናት ሕንድ ምስል ቆሞበት ቤተ መቅደስ ሆኗል። ከዚያ ፊት ለፊት በ1445 የተሠራው ቻንድ ሚናር ባለ አራት እርከን ሆኖ ይቆማል። የዴካኑ የባህማኒ መንግሥት ሱልጣን አላውዲን አሕመድ 2ኛ ያሠራው ነው። ዙሪያው ያለው ሁሉ ሲፈርስ ይህ ማማ ቀጥ ብሎ ቆይቷል። ትንሽ ከፍ ብሎ ቺኒ ማሃል የሚባለው ቤት አለ። ሰማያዊ ሸክላ የተለበጠበት ግድግዳው ጥቂት ቁራሽ ብቻ ቀርቶታል። ከሰሜን የመጡት ሙጋሎች የጎልኮንዳን መንግሥት በ1687 ሲይዙ የመጨረሻውን ሱልጣኗን አቡል ሐሰንን እዚህ አሰሩት፤ እዚሁ ሳለም ሞተ።

ካላኮትን አልፎ ወደ ተራራው ሥር የደረሰ ሰው ድንገት ይቆማል። መሬቱ አለቀ። ከፊቱ ከአለቱ ተቆፍሮ የወጣ፣ 12 ሜትር ያህል የሚጠልቅ ጉድብ ተራራውን ይከበዋል። ከጉድቡ ማዶ የተጠረበው ግድግዳ ወደ ላይ ይሄዳል። ዛሬ የብረት ድልድይ አለ። በጥንቱ ጊዜ ግን ጠባብ የድንጋይ መሻገሪያ ብቻ ነበር፤ መካከሉ ዝቅ ተደርጎ ስለተሠራ በጉድቡ ያለው ውኃ ሲሞላ መሻገሪያው ይሰጥማል። በ1342 ገደማ በዚህ ያለፈው የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ ወደ አናቱ የሚወጣው በቆዳ መሰላል እንደነበርና መሰላሉም ሌሊት እየተነሣ እንደሚያድር ጽፏል። ደብረ ዳሞን በጠፍር ተስቦ የወጣ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ አይደነቅም። ያው ኢብን ባቱታ አምባው ላይ ስለነበረው እስር ቤትም ጽፏል፤ ከድመት የሚበልጡ አይጦች እስረኛውን ያሠቃዩት ነበር ይላል።

ከድልድዩ በኋላ የሚመጣው የአምባው ልብ ነው። አንዴሪ ይሉታል፤ በአለቱ ሆድ ውስጥ የተፈለፈለ የጨለማ መንገድ ነው። የታችኛው አፉ ጠባብ ስለሆነ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ አንድ በአንድ ብቻ ይገባል። ውስጡ ጠመዝማዛ ደረጃ ነው፤ የደረጃዎቹ ቁመት እኩል አይደለም፤ እግር የለመደውን ሲጠብቅ ይስታል። የአካባቢው አስጎብኚዎች ችቦ ወይም የስልክ መብራት ይዘው ቡድኑን መካከል ላይ ያስቆሙና መብራቱን ያጠፉታል። በዚያ ቅጽበት የሚሰማው የሌሊት ወፎች ክንፍና የሰው ትንፋሽ ብቻ ነው። ሕፃናት ይጮኻሉ። አስጎብኚው መብራቱን መልሶ ያበራና ከአንድ መታጠፊያ በላይ ያለውን ቀዳዳ ያሳያል። የፈላ ዘይት የሚፈስሰው በዚያ ነበር። ቀጥሎ ደግሞ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበትን ቦታ ያሳያል። ብርሃን የሚታየው በአንደኛው በኩል ነው፤ ጨለማው ያንገፈገፈው ወራሪ ወደ ብርሃኑ ይሮጣል፤ እዚያ ግን በር የለም፤ ወደ ጉድቡ የሚወረውር መስኮት ብቻ አለ።

በላይኛው መውጫ ላይ የብረት መዝጊያ ነበረ። የታች በሮች ሁሉ ቢሰበሩና ወራሪው ጨለማውን ቢዘልቅ ጠባቂዎቹ መዝጊያውን ይከድኑና በላዩ እሳት ያነድዳሉ። ብረቱ ይግላል፤ አየሩም በጭስ ይሞላል። ይህን ዘዴ ያሰበ ሰው ስለ ጠላቱ ብዛት ሳይሆን ስለ ጠላቱ ዓይን፣ እግርና ሳንባ ያሰበ ነው። በአምባው ሁሉ ካለው ይልቅ ይህ መተላለፊያ ቢያስፈራም ቢያስደንቅም ይገባዋል፤ ጊዜ ያነሰው ጎብኚ ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህን ቢያይ አይጎዳም።

ከጨለማው ሲወጡ ደረጃው ይቀጥላል፤ ከታች እስከ አናት ከ700 በላይ ነው። መንገዱ መሐል ባራዳሪ የሚባለው ባለ ቅስት ሰገነት አለ፤ የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ሻህ ጃሃን በ1636 ሲመጣ የተሠራ ነው ይባላል። ላብ ያጠመቀው ሁሉ እዚህ ይቀመጣል፤ ነፋሱ ያርፍበታል። ከዚያ በላይ አንድ ዋሻ አለ፤ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሕታዊና የአምባው ሹም የነበረው የጃናርዳን ስዋሚ መታሰቢያ ሆኖ ምእመናን ይሳለሙታል። አናቱ ላይ ትልቅ መድፍ ወደ ሜዳው አፉን አዙሮ ተቀምጧል። ያን የሚያህል ብረት በዚያ ደረጃ እንዴት እንደወጣ ማሰብ ብቻ ይደክማል።

ከዚህ ላይ ሆኖ ወደ ታች የሚያይ ሰው ይህ አምባ በጉልበት አይያዝም ቢል ልክ ነው። በጉልበትም አልተያዘም። ሆኖም ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ደጋግሞ ተሻግሯል። እንዴት?

በ1296 የዴልሂው ሱልጣን የወንድም ልጅ አላውዲን ኻልጂ ከሰሜን ድንገት ሲደርስ የያዳቫው ንጉሥ የራማቻንድራ ዋናው ጦር ከልጁ ጋር ሌላ ቦታ ነበር። ንጉሡ ሸሽቶ ወደ አምባው ወጣ። ነጋዴዎች ጥለውት የሸሹትን ጆንያ ሁሉ እህል ነው ብለው ሰዎቹ ወደ ላይ አስገቡት። ዜና መዋዕሎች እንደሚተርኩት ከበባው ሲጠና ጆንያዎቹ ቢፈቱ ጨው ሆኖ ተገኘ። ራማቻንድራ ወርቅ፣ ዕንቁ፣ ሐርና ዝሆን ከፍሎ ታረቀ። አላውዲንም በዚያ ሀብት ጦር ገዝቶ አጎቱን ሱልጣኑን አስገደለና የዴልሂን ዙፋን ያዘ። ከ20 ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ የያዳቫ መንግሥት ፈጽሞ ጠፋ። አለቱ እንደ ቆመ ነበር።

በ1633 የሆነውም ከዚህ አይርቅም። የሙጋሉ የጦር አለቃ ማሃባት ኻን አምባውን ለወራት ከበበ። ከውጪው ግንብ ሥር ፈንጂ አስቀበረ፤ የታችኞቹ ቅጥሮች አንድ በአንድ ተሰበሩ። ላይኛው ክፍል አልተነካም። ነገር ግን ውስጥ ያለው ሰው በረሃብና በበሽታ አለቀ፤ አዛዡም ገንዘብ ተከፍሎት ቁልፉን አስረከበ። ያ አዛዥ ፈትህ ኻን ይባላል። የማሊክ አምባር ልጅ ነው።

አባትየው በሕይወት ቢኖር ኖሮ ምናልባት አምባው ላይ አይገኝም ነበር።

ማሊክ አምባር የተወለደው በ1548 ገደማ ነው። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ከከምባታ፣ ሌሎች ከሐረር አካባቢ እንደወጣ ይናገራሉ፤ የልጅነት ስሙን ቻፑ ብለው የመዘገቡም አሉ። ዘመኑ ክፉ ነበር። የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦርነት በ1543 ቢያበቃም አገሩ አልረጋም፤ በጦር የተማረከው፣ በረሃብ የተሸጠው ሁሉ በቀይ ባሕር ወደቦች ይወጣ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የሕንድ ጨርቅ ይገባል፤ ከኢትዮጵያ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ሰው ይሄዳል። ልጁ የመን ሙኻ ላይ ተሸጠ፤ ከዚያ ባግዳድ ደረሰ። እዚያ የገዛው ነጋዴ አስተማረው፣ አምባር የሚል ስም አወጣለት። ከ1570 በኋላ ወደ ዴካን ሲሻገር የገዛው የአሕመድናጋር መንግሥት ዋና ሚኒስትር ቼንጊዝ ኻን ነበር። እርሱም ራሱ ቀድሞ ባሪያ የነበረ ሐበሻ ነው።

ይህ አጋጣሚ ብቻ አልነበረም። የዴካን ሱልጣኖች በአገሬው መኳንንትና ከፋርስ በመጡት መካከል የማያባራ ሽኩቻ ስለነበረባቸው፣ ዘመድና ወገን የሌላቸውን ወታደሮች ይፈልጉ ነበር። ሐበሾቹ በባርነት ገብተው በጦር ይሠለጥናሉ፤ ጌታቸው ሲሞት ብዙዎቹ ነጻ ይወጣሉ፣ ያገባሉ፣ ይሾማሉ። ልጆቻቸው ከአገሬው ጋር ይዋሐዳሉ። አምባርም ቼንጊዝ ኻን ሲሞት ነጻ ወጣ። ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በሌላው የዴካን መንግሥት በቢጃፑር አገለገለ፤ በ1595 ገደማ 150 ፈረሰኞች አስከትሎ ወደ አሕመድናጋር ተመለሰ።

በ1600 የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት የአክባር ጦር የአሕመድናጋርን ከተማ ያዘ፤ ንጉሡም ታሰረ። ሁሉም አበቃ ሲባል አምባር ከንጉሣዊው ቤተሰብ አንድ ወጣት ፈልጎ አነገሠ፣ ልጁንም ዳረለት፤ በስሙም መዋጋት ጀመረ። የተበተነው ሠራዊት እየተሰበሰበ መጣ። በ1610 አካባቢ በሕንድ የነበረው እንግሊዛዊ ነጋዴ ዊሊያም ፊንች አምባር ከወገኖቹ 10,000፣ ከዴካን ሰዎች ደግሞ 40,000 ያህል ወታደር እንደነበረው ጽፏል። በዚያው ዓመት አሕመድናጋርን አስለቀቀ፤ መንግሥቱንም ወደ ዳውላታባድ አመጣ። ርኅሩኅ ሰው ነበር ማለት አይቻልም፤ ያነገሠውን የማውረድ ሥልጣን በእጁ ይዞ ነበር የኖረው።

አምባውን ይዞ ሳለ ግን አምባው ላይ አልተቀመጠም። የሙጋል ጦር ከባድ ነበር፤ መድፍ፣ ዝሆን፣ ድንኳን፣ ገበያ ሳይቀር ይዞ ይጓዛል። አምባር ማራታ ከሚባለው የአካባቢው ሕዝብ ቀላል ፈረሰኞችን አሰማርቶ ስንቁን ይቆርጥ፣ በሌሊት ይመታ፣ ሲያሳድዱት ወደ ተራራ ይሰወር ነበር። ከነዚያ ማራቶች መካከል የኋለኛው የማራታ መንግሥት መሥራች የሺቫጂ አባት ሻህጂ ይገኝበታል። በ1624 ባትቫዲ ላይ የሙጋልና የቢጃፑር ጦር ተባብሮ በመጣበት ጊዜ አምባር የሐይቁን ግድብ ሰብሮ ውኃውን ወደ ጠላት ሰፈር ለቀቀው። መሬቱ ጭቃ ሆነ፤ መድፉ ተቀረቀረ፤ ስንቁ ተበላሸ። ከ70 ዓመት በላይ ሆኖት ያገኘው ድል ነው።

የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር ይህን ሰው ሊያሸንፈው አልቻለም። የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ አቡል ሐሰን ግን ንጉሡ በጦር ላይ የተሰካውን የአምባርን ራስ በቀስት ሲወጋ አድርጎ ሣለለት። ሥዕሉ ዛሬ ደብሊን በቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት አለ። በእውኑ ዓለም አምባር በ1626 በአልጋው ላይ፣ 80 ዓመት ሊሞላው ሲል ሞተ። የሙጋሉ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ሙተሚድ ኻን እንኳ ሞቱን ሲዘግብ በጦር ስልትና በአስተዳደር አቻ የሌለው መሆኑን ሳይመሰክር አላለፈም።

መቃብሩ ከዳውላታባድ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ፣ ኩልዳባድ ነው። ይህች ትንሽ ከተማ በሱፊ ቅዱሳን መቃብሮች የተከበረች ናት። ጎብኚው የሚጎርፈው ወደ ሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ወደ አውራንግዜብ መቃብር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1707 ሲሞት እንደ ኑዛዜው ጣሪያ በሌለው፣ አፈር በለበሰ ቀላል መቃብር ተቀበረ፤ የዛሬውን የእብነ በረድ አጥር የጨመረው የእንግሊዝ እንደራሴ የነበረው ሎርድ ከርዘን ነው። የአምባር መቃብር ደግሞ ከሱፊው ቅዱስ ከዛር ዛሪ ዛር ባክሽ መካን አቅራቢያ፣ ባለ ጉልላት ቤት ሆኖ ይቆማል። በሕይወቱ ሳለ ያሠራው ነው። ሚስቱ ቢቢ ካሪማም አጠገቡ አረፈች። ወደዚህ የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙ የአንድ ቀን ጉብኝቶችም ጭራሽ አይቆሙበትም። ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ሾፌሩን አስቀድሞ ማስማማት አለበት፤ አለዚያ ከአውራንግዜብ በኋላ በቀጥታ ወደ ኤሎራ ይወስዱታል። የአገር ልጅ መቃብር በዚህ ርቀት ላይ ሳለ ሳያዩ ማለፍ ያስቆጫል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማው ሲመለሱ የአምባር ሥራ በየመንገዱ ይገኛል። ካድኪ በ1610 ሲጀመር ድንጋያማ መንደር ነበር። ሙጋሎች በ1616ም በ1621ም አቃጠሉት፤ ሁለቴም እንደገና ተሠራ። ለድል መታሰቢያ በ1612 ያሠራው ባድካል በር በሰፊ ቅስቱ ሥር ዛሬም ባለ ሦስት እግር ባጃጅ፣ ሞተር ብስክሌትና እግረኛ ያሳልፋል። ከጥቁር ድንጋይ የተሠሩት መስጊዶቹ ይሰገድባቸዋል። ጃማ መስጊድን እርሱ ጀመረው፤ አውራንግዜብ አሰፋው።

ከሁሉም የሚበልጠው ሥራው ግን ከመሬት በታች ነው። ናህር አምባሪ ይባላል። በስተሰሜን ባሉት ኮረብታዎች ሥር የሚሰበሰበውን የከርሰ ምድር ውኃ በተቀበረ ቦይና በሸክላ ቱቦ ወደ ከተማው ያመጣል። ሞተር የለውም፤ ውኃው በራሱ ክብደት፣ በዝግታ በሚወርድ ቁልቁለት ይፈስሳል። በየመካከሉ አየር የሚተነፍስበትና ጠራጊ የሚገባበት ጉድጓድ አለ። ግፊቱ በበዛበት ደግሞ ውኃው በድንጋይ ዓምድ ውስጥ ወደ ላይ ወጥቶ፣ አየሩን ለቅቆ፣ እንደገና ይወርዳል፤ ቱቦው እንዳይፈነዳ ነው። ከዚያ በየሰፈሩ ወደተሠሩት ማጠራቀሚያዎች ይከፋፈላል። ቱግሉቅ በዳውላታባድ ያጣውን ነገር አምባር ከ300 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እዚያው ደረቅ አገር ላይ፣ ከኮረብታው ሥር አገኘው። በ1653 ከተማዋን በራሱ ስም የሰየማት አውራንግዜብና ተከታዮቹ ሌሎች ቦዮችን በዚሁ ስልት ጨመሩ። ከነዚህ አንዱ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓንቻኪ የተባለውን የውኃ ወፍጮ ያሽከረክር ጀመር፤ ወፍጮው በሱፊው በባባ ሻህ ሙሳፊር መካን ለሚያርፉት ምእመናን፣ ተማሪዎችና ድሆች እህል ይፈጭ ነበር። ዛሬ ጎብኚዎች በሰፊው ገንዳ ዳር ይቀመጣሉ።

ቢቢ ካ ማቅባራን ሳያይ የሚመለስ የለም። የአውራንግዜብ ሚስት የዲልራስ ባኑ መቃብር ነው፤ ታጅ ማሃልን እንዲመስል ሆኖ በ1660 ተሠራ። ንድፉን የሠራው አታኡላህ የታጅ ማሃሉ ዋና ንድፍ አውጪ ልጅ ነው። ወጪው 665 ሺህ ሩፒ አካባቢ ነበር፤ የታጁ 32 ሚሊዮን ይገመታል። እብነ በረዱ ግድግዳውን የሚለብሰው እስከ ወገብ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ኖራ ነው። ከታጅ ጋር እያነጻጸሩ ማሳነስ የተለመደ ቢሆንም፣ የአመሻሹ ብርሃን በኖራው ጌጥ ላይ ሲያርፍ ለራሱ ያማረ ነው።

አውራንጋባድ ዛሬ ውኃ የምትጠጣው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ፓይታን ላይ በጎዳቫሪ ወንዝ ከተሠራው የጃያክዋዲ ግድብ ነው። ግድቡ ከከተማዋ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ውኃው ሽቅብ በፓምፕ ይገፋል። መብራት ሲጠፋ ወይም ቱቦ ሲፈነዳ መስመሩ ይቆማል፤ በብዙ ሰፈሮች ውኃ የሚመጣው በየጥቂት ቀናቱ አንዴ ነው። ነዋሪው በርሜል ይዞ ታንከር ይጠብቃል። የአምባር ቦይ ደግሞ በብዙ ቦታ ቤት ተሠርቶበታል፣ መተንፈሻዎቹ በቆሻሻ ተደፍነዋል፤ አንዳንዱ ክፍል ግን ዛሬም ውኃ ያስተላልፋል። ቦዩ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ያጠጣል ብሎ የሚያስብ የለም። ይሁን እንጂ የሚፈስሰውን ክፍል ጠርጎ ለአትክልትና ለጽዳት ማዋል፣ የተደፈነውንም ካርታ አንስቶ ከግንባታ መከላከል የከተማው አስተዳደር አቅም የሚችለው ሥራ ነው፤ በከተማው ያሉ የቅርስ ተቆርቋሪዎችም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ሙምባይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ይበርራል፤ ከሙምባይ አውራንጋባድ በመንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ባቡርና የአገር ውስጥ በረራም አለ። ለቀኑ ጉዞ ጠዋት አምባውን፣ ከእኩለ ቀን በፊት ኩልዳባድን፣ ከሰዓት በኋላ ባድካል በርንና ፓንቻኪን፣ ሲመሽ ቢቢ ካ ማቅባራን ማየት ይበቃል። ኤሎራ ሌላ ቀን ይፈልጋል፤ ማክሰኞ ደግሞ ዝግ ነው።